ያለ ታልሙድ የኖረች ኦሪት

እ.ኤ.አ. በ1985፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት በሚከበርበት ሰሞን፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከዋና ረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶችና ገና በዕብራይስጥ አፋቸውን ያልፈቱ ወጣቶች መንገድ ዳር ተቀመጡ። ለአንድ ወር ያህል ከዚያ አልተነሡም። ብዙዎቹ አገሪቱን ከረገጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮቻቸው በሌሊት ወጥተው፣ በእግር ሱዳን ገብተው፣ ገዳሪፍ አካባቢ እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ጣቢያዎች ወገኖቻቸውን ቀብረው፣ በመጨረሻ በ«ዘመቻ ሙሴ» በምስጢር በአውሮፕላን የተወሰዱ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ናቸው። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ድረስ በዚህ መንገድ የገቡት ወደ 8,000 ይጠጋሉ። በመንገድና በጣቢያ የቀሩት ወደ 4,000 ይገመታሉ።

ይህን ያህል ዋጋ የከፈሉ ሰዎች አደባባይ የወጡት ለቤት ወይም ለሥራ ብለው አልነበረም። ጽሕፈት ቤቱ ጋብቻቸውን ከመመዝገቡ በፊት በሥርዓት ውሃ ውስጥ ጠልቀው እንዲወጡ ጠይቋቸው ነው። ቀደም ሲል ደግሞ በስምንተኛ ቀናቸው ከተገረዙ ወንዶች፣ እንደ ግርዘት ምልክት፣ አንዲት የደም ጠብታ ይወሰድ ነበር። የደሙ ነገር ከብዙ ተቃውሞ በኋላ ቀረ፤ የውሃው አልቀረም። ሁለቱም አንድ ሰው ከሌላ ሃይማኖት ወደ አይሁድነት ሲገባ የሚፈጸሙ ናቸው። ኦሪትን ከአባት ከእናታቸው የተቀበሉት ሰዎች፣ ለጥንቃቄ ተብሎም ቢሆን፣ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጠሩ።

የረቢዎቹን ሐሳብ ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም። በ1973 የሴፋርዲም ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የወረዱ አይሁድ ናቸው ብለው ወስነዋል። ውሳኔያቸው የቆመው በ16ኛው መቶ ዓመት ካይሮ የኖሩት ሊቅ ዳዊድ ቤን ዚምራ፣ በተለምዶ ራድባዝ የሚባሉት፣ ከኢትዮጵያ ምድር ስለተማረከች አንዲት ሴት በጻፉት ፍርድ ላይ ነው። በ1975 የእስራኤል መንግሥት አይሁዳዊ ሁሉ አገሪቱ እንዲገባ የሚፈቅደውን የመመለስን ሕግ ለቤተ እስራኤልም ተፈጻሚ አደረገ። ሆኖም እኒያው ራድባዝ አንድ ስጋት አንሥተው ነበር። ረቢዎች ኦሪትን በሚተረጉሙበት በታልሙድ ሕግ ጋብቻ የሚፈርሰው ባል በሥርዓቱ የተጻፈ የፍች ደብዳቤ ለሚስቱ ሲሰጥ ነው። ያለዚያ ሌላ ያገባች ሴት የምትወልዳቸው ልጆች ከማኅበረሰቡ ጋር እንዳይጋቡ ይከለከላሉ። ቤተ እስራኤል ታልሙድን አያውቁም፤ የሚፋቱት በሽማግሌ ፊት ነው። እንግዲህ በየትውልዱ ስንት ፍች ተፈጽሟል? ማን ከማን ተወልዷል? ሁሉም እንደ አዲስ ቢገቡ ጥያቄው ከሥሩ ይዘጋል ብለው የጽሕፈት ቤቱ ረቢዎች አሰቡ። በመጽሐፍ ሚዛን ሲታይ መፍትሔው የምሕረት ሐሳብ አለበት። መንገድ ዳር ለተቀመጡት ግን ሌላ ነገር ነበር።

ውሃውና ርስቱ

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ወደ ወገራና ደምቢያ ዘምተው የአይሁድን ጦር ድል ነሡ። ወግ እንደሚለው፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ርስት አልባ ይሁን የሚል አዋጅ ወጣ። አዋጁ በአንድ ቀን በሁሉም አገር አልተፈጸመም፤ ውጤቱ ግን በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት በግልጽ ይታያል። እምቢ ያሉት መሬት አጡ። መሬት ያጣ ሰው ጭሰኛ ይሆናል፣ አለዚያም በእጁ ሥራ ይኖራል። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። የጎንደር ነገሥታት ከተማቸውን ሲያንጹ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ።

ከጎንደር ነገሥታት በፊት ግን በሰሜን ተራሮች ረጅም ጦርነት አለ። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን (1563–1597) ንጉሡ ወደ ሰሜን ሲዘምቱ አብሮ የነበረው የዜና መዋዕል ጸሐፊ አንድ ነገር መዝግቧል። አንዲት የተማረከች ሴት እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ስትሄድ «አዶናይ» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው ራሷን ወደ ገደሉ ወረወረች፤ ማራኪዋንም ይዛው ሄደች። ሌሎችም እንደ እሷ አደረጉ። ጸሐፊው ክርስቲያን ነው፤ የጻፈውም ለንጉሡ ክብር ነው። የእነዚህን ሴቶች ቆራጥነት ግን በመደነቅ አሰፈረው። ስለ ቤተ እስራኤል እምነት ከተጻፉት ሁሉ ይህ የጠላት ምስክርነት ለእኔ ትልቁ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1620ዎቹ የቤተ እስራኤሉን መሪ የጌዴዎንን ጦር ሲሰብሩ የሰሜኑ ነፃ ኑሮ አበቃ፤ ያኔም ተጠመቁ የሚል ትእዛዝ ተከተለ።

ስለዚህ በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ውሃ ውስጥ ግቡ ሲባሉ የሰሙት የሕግ ጥንቃቄ አልነበረም። አባቶቻቸው ርስት ያጡበት፣ ሴቶቻቸው ገደል የገቡበት ትእዛዝ ነው የተሰማቸው። ያውም ከወንድሞቻቸው አፍ።

እዚህ ላይ እኛም ኢትዮጵያውያን የምንጠየቅበት አለ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደ ወጡ ወለቃ ትገኛለች። መንገድ ዳር ዛሬም የሸክላ አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ተደርድረው ይሸጣሉ፤ በየቤቱ የዳዊት ኮከብ ተሥሏል። ሸክላውን የጀመሩት ሴቶች ልጆች ግን የሉም። በነበሩበት ዘመን ጎረቤት ማረሻውንና ድስቱን ከእነሱ እየገዛ ቡዳ ይላቸው ነበር። ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ ጣት የሚቀሰረው ወደ እነሱ ነው። በዚህ ሐሜት የተገደሉም አሉ። ይህ በዩኒቨርሲቲ ጥናት ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ የሰሜን ጎንደር ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል። እስከ ዛሬ በቅጡ አልተናገርነውም።

እሳት የማይነድበት ሰንበት

ሁለተኛው ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ70 በሮማውያን ሲፈርስ የአይሁድ ሃይማኖት ያለ መሥዋዕት መኖርን መማር ነበረበት። ረቢዎች በቃል የሚተላለፈውን ትምህርት ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ ሚሽናን፣ በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት ደግሞ በባቢሎን ታልሙድን አዘጋጁ። ከዚያ ወዲህ ከየመን እስከ ፖላንድ ያለ አይሁዳዊ ኦሪትን የሚያነበው በዚህ ትርጓሜ በኩል ነው። ሐሳቡን ያልተቀበሉም ነበሩ። ቀራውያን ከ8ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቃሉን ትምህርት ክደው በተጻፈው ብቻ ቆሙ። የቤተ እስራኤል መንገድ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ታልሙድን አልካዱትም፣ አልደረሳቸውም።

የነበራቸው ኦሪት በግዕዝ ነው፦ አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት፣ ኢያሱ፣ መሳፍንትና ሩት። ከዚያም መዝሙረ ዳዊት፣ ነቢያት፣ ኩፋሌ፣ ሄኖክ። የራሳቸው የሆነ ትእዛዘ ሰንበት የሚባል መጽሐፍም አለ። ከበዓላቱ ፋሲካ፣ ብርሃን ሠረቀ፣ አስተስርዮ፣ በዓለ መጸለት አሉ፤ ሐኑካ የለም። ጸሎቱ በግዕዝ ነው፤ በአገውኛም የቀረ ክፍል አለው። ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሴት በወር አበባዋና በወሊዷ ጊዜ ከመንደሩ ዳር ወዳለው የመርገም ጎጆ ትወጣ ነበር፤ ወንዝ ወርዳ ሳትነጻ አትመለስም ነበር። ለፋሲካ በግ ይታረድ ነበር፤ ይህም እስከ ቅርብ ዘመን ቆይቷል። በዓለም ካሉት የአይሁድ ማኅበረሰቦች ሁሉ መነኮሳት የነበሩበት ይህ ብቻ ነው። ወጉ የምንኩስናውን መጀመሪያ ከ15ኛው መቶ ዓመት አባ ጽብራና ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ልጅ ነው ከሚባለው ከጸጋ አምላክ ጋር ያያይዘዋል። ቄሶች የሚባሉትን የማኅበረሰቡን ካህናት የሚያስተምሩት እነዚህ መነኮሳት ነበሩ።

ልዩነቱን በአንድ ነገር ማየት ለሚሻ ሰንበት ይበቃል። ኦሪት በሰንበት ቀን በየቤታችሁ እሳት አታንድዱ ይላል። ረቢዎቹ ከሰንበት በፊት የተለኮሰ እሳት ይቆይ አሉ፤ ትኩስ ምግብም ሰንበትን ማክበር ነው ብለው አስተማሩ። ስለዚህ በሞሮኮም በሊትዌንያም ሰንበት የሚገባው እናት መብራት ስታበራ ነው። ወገራ ላይ ግን ሰንበት የሚገባው እሳት ሲጠፋ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የምድጃው እሳት ይጠፋ፣ ሰዉ ወንዝ ወርዶ ይታጠብ፣ ነጭ ይለብስ ነበር፤ ምግቡ ቀዝቅዞ ይበላ፣ ሌሊቱ በጨለማ ያልፍ ነበር። ኩፋሌ በሰንበት ጦርነትንና የባልና ሚስት ግንኙነትን ይከለክላል። ረቢዎቹ ሕይወት ለማዳን መዋጋትን ፈቀዱ፤ የሰንበት ሌሊት ፍቅርንም የሰንበት ደስታ አድርገው ቆጠሩ።

ለረጅም ጊዜ ምሁራን ይህን ጥብቅነት የኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩት ነበር። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዳር፣ በቁምራን ዋሻዎች፣ የኩፋሌ የዕብራይስጥና የሄኖክ የአራማይክ ቅጂዎች ቁራጮች ተገኙ። ሁለቱም ሙሉ ሆነው የቆዩት በግዕዝ ብቻ ነው። ይህ የቤተ እስራኤልን የዘር ሐረግ አያስረዳም፤ መጻሕፍቱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ጠብቃቸዋለችና። አንድ ነገር ግን ያስረዳል፦ ወገራ ላይ እሳት እያጠፋ ሰንበትን የሚቀበል ሰው ስሕተት ላይ አልነበረም። ከቤተ መቅደሱ መፍረስ በፊት በኢየሩሳሌም ዙሪያ ይሰማ የነበረ አንድ የአይሁድ ድምፅ ሕያው ሆኖ የቀረው በእሱ ቤት ነው።

በትእዛዘ ሰንበት ውስጥ ሰንበት ቀን ብቻ አይደለችም፤ በመላእክት የተከበበች፣ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ የምትማልድ ሴት ናት፤ ስለ እሷ ሲባል በሲኦል ያሉ ነፍሳት ያርፋሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት የገሊላዋ ጽፌት ሊቃውንት ሰንበትን እንደ ንግሥትና ሙሽራ ሊቀበሉ ነጭ ለብሰው ወደ ሜዳ ይወጡ ነበር። በሰንበት የሲኦል ቅጣት ያርፋል የሚለውም በታልሙድ አለ። ጽፌትና ሰሜን ተራራ መልእክት አልተለዋወጡም። ሁለቱም አንዱን ኦሪት በፍቅር ስላነበቡ አንድ ቦታ ደረሱ።

ከጎረቤት የተወሰደ ነው ለሚሉ

የቤተ እስራኤል ወግ ከውጭ በመጡ ሰዎች ዓይን ሲታይ ግን ጥያቄ ተነሣበት፤ የጀመረውም ከአውሮፓ አይሁድ ጋር ሲገናኙ ነው። በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ የሚባል የፈረንሳይ አይሁዳዊ ምሁር ወደ ጎንደር አካባቢ ሄዶ እኔም እንደ እናንተ ነኝ ሲላቸው አላመኑትም፤ ነጭ አይሁዳዊ ሰምተው አያውቁም። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሚስዮናውያን ሊያጠምቋቸው ይመጡ ስለነበር መጠራጠራቸው ተገቢ ነበር። ልባቸው የተከፈተው ኢየሩሳሌምን ሲጠራ ነው። የሃሌቪ ተማሪ ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ደርሶ ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ ሕዝብ ሰጠ። ታምራት አማኑኤልን ወደ አውሮፓ ወስዶ አስተማረው፤ በ1920ዎቹ አብረው አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ፋይትሎቪች ግን መሥዋዕቱና ምንኩስናው እንዲቀር፣ የሰንበት መብራትና ዕብራይስጥ እንዲገባ አጥብቆ ይሠራ ነበር። ቤተ እስራኤልን ከመጥፋት ያዳናቸው ሰው፣ እንደ እኔ ፍርድ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎዶሎ ተማሪ አድርጎ አያቸው። ያ አስተያየት አብሯቸው ኢየሩሳሌም ገባ።

ከዚያ የታሪክ ምሁራን መጡ። በ1973 ጎንደር ሆና የቤተ እስራኤልን ጸሎት የቀዳችው የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ሸለመይ፣ በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍ ዜማውና የጸሎቱ ሥርዓት ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የገዳማት ወግ ጋር በቅርብ እንደሚዛመድ አሳየች። ስቲቨን ካፕላንና ጄምስ ኲሪን ደግሞ ሕዝቡ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዓመት በነበረው ትግል ውስጥ ነው አሉ። ይህ ብዙ ሰው አሳመመ። ከዳን ነገድ ነን፣ ወይም ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር መጣን እያሉ ያደጉ ሰዎች ዘራቸው የተካደ መሰላቸው።

እኔ የምሁራኑን ሥራ አከብራለሁ። ብዙዎች ከእሱ የሚያወጡትን፣ እንግዲያው አይሁድነታቸው እውነተኛ አይደለም የሚለውን መደምደሚያ ግን አልቀበልም። ከጎረቤት ቋንቋና ወግ ያልተቀዳ አይሁድነት የት አለ? የባቢሎን ታልሙድ ትልቁ ክፍል የጎረቤቱ ሕዝብ በሚናገረው በአራማይክ ነው። ፊሎን የእስክንድርያው ስለ ሙሴ የጻፈው በግሪክ ነው። ሙሴ ማይሞኒደስ የአይሁድ ፍልስፍና ቁንጮ የሆነውን መጽሐፉን የጻፈው በዐረብኛ ነው። የእሱ ልጅ አብርሃም (1186–1237) በግብፅ የአይሁድ መሪ ሳለ ጸሎት ላይ መስገድና መንበርከክ ይመለስ ብሎ አስተማረ፤ ከሙስሊሞች ቀዳህ ሲሉት፣ እነሱ ከእኛ የወሰዱትን ነው የምንመልሰው አለ። የግዕዙ ኦሪት ራሱ የተተረጎመው የእስክንድርያ አይሁድ ካዘጋጁት የግሪክ ትርጉም ነው። እንግዲህ ቤተ እስራኤል በግዕዝ መጸለያቸውና ከገዳም ዜማ መዋሳቸው ከአይሁድ ታሪክ ውጭ አያወጣቸውም። ሌሎቹ አይሁድ ሁሉ በየአገሩ ያደረጉትን ነው ያደረጉት። ልዩነቱ ሌሎቹ እርስ በርስ መጻሕፍት ሲላላኩ እነሱ ለብቻቸው መቆየታቸው ነው።

ስግድ

ከአስተስርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን ስግድ ይውላል። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው አምቦበር ሕዝቡ ከሩቅ መንደር ቀኑን ቀድሞ ይመጣ ነበር። ማለዳ ጾመኛው ነጭ ለብሶ፣ ብዙው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ኦሪትን ከያዙት ቄሶች ኋላ ተራራውን ይወጣል። ከላይ ስለ ሲና ይነበባል፣ ስለ ነህምያ ዘመን ይነበባል። ነህምያ ዘጠኝ ላይ ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ ጾሞ፣ የቀኑን ሩብ ሕጉን አንብቦ፣ ሩቡን ኃጢአቱን ተናዞ ሰገደ፤ ስግድ ያንን ጉባኤ ይደግማል። ለሞቱት መታሰቢያ እህል ለወፎች ይበተናል። ከዚያ በእልልታ ይወረዳል፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል።

ዛሬ ተራራው ኢየሩሳሌም ውስጥ የቤተ መቅደሱን ስፍራ ቁልቁል የሚያሳየው የአርሞን ሀናጺቭ ሰገነት ነው። ቄሶቹ ነጭ ጠምጥመው በባለ ወርቅ ጥላዎች ሥር ቆመው በግዕዝ ያነባሉ፤ ከፊታቸው የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ እናቶች፣ ከጎናቸው የወታደር ልብስ የለበሱ የልጅ ልጆች ይቆማሉ። ብዙዎቹ ወጣቶች ግዕዙን ቀርቶ አማርኛውንም አይሰሙም። አንዳንዱ ኢየሩሳሌም ከገባን በኋላ ለኢየሩሳሌም ለምን እንጸልያለን ይላል። የቄሶቹ መልስ ቤተ መቅደሱ ገና አልተሠራም የሚል ነው፤ ሕዝቡም ገና አንድ አልሆነም። የእስራኤል ምክር ቤት ክነሴት በ2008 ስግድን የመንግሥት በዓል አድርጎ በሕግ ደነገገ። ከየትም አገር የመጣ አይሁዳዊ ሊያከብረው የሚችል፣ ታልሙድ የማያውቀው በዓል ወደ አገሪቱ የቀን መቁጠሪያ ገባ።

የአደባባዩ ክርክርም ፈጥኖ ባይሆን ረገበ። የነታንያ ዋና ረቢ ዳዊድ ሸሉሽ ውሃውን ሳይጠይቁ ቤተ እስራኤልን ሊያጋቡ ፈቀዱ፤ በየከተማው ግን በር የዘጉ ነበሩ። ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ሲገቡ ያው ጥያቄ አብሯቸው ነበር። ዛሬ በእስራኤል ከ160,000 በላይ ትውልደ ኢትዮጵያውያን አሉ። ቄሶች ግን ጋብቻ የማስፈጸም ሕጋዊ ሥልጣን የላቸውም። የቄስ ልጅ ማግባት ሲፈልግ አባቱ ሊያጋባው አይችልም፤ ረቢ ይፈልጋል። ይህ መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከራሳቸው የወጡ ረቢዎች ሁለቱን ወግ ለማስታረቅ እየሠሩ ነው። ኢትዮጵያ ተወልደው በልጅነታቸው እስራኤል የገቡት ረቢ ሻሮን ሻሎም የቤተ እስራኤልን ሥርዓት ከታልሙዱ ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጠው መጽሐፍ ጽፈዋል። ሐሳባቸው ልጁ የአባቱን ሥርዓት እንደ ኋላ ቀር ሳያይ ከሌላው እስራኤላዊ ጋር እንዲኖር ነው። ሌሎች ደግሞ የቄሶቹን ወግ በአንድ ትውልድ ውስጥ ወደ ረቢዎቹ ወግ ማዋሃድ ይሻላል ይላሉ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ። ሦስት ሺህ ዓመት በሞላው የአይሁድ ሐሳብ ውስጥ ራሱን ችሎ የቆመ አንድ ቅርንጫፍ፣ ሊቃውንቱ በሕይወት እያሉ፣ እንደ ጉድለት ተቆጥሮ ሊቆረጥ አይገባም።

ሊቃውንቱ ግን እያለፉ ነው። መነኮሳቱ ካለፉ ቆይተዋል። በአገር ቤት የተማሩት ቄሶች አርጅተዋል። የብራና መጻሕፍቱ ከፊሉ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ከፊሉ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የፋይትሎቪች ስብስብ ይገኛሉ፤ ሊያነቧቸው የሚችሉት የግዕዝ ሊቃውንት ደግሞ በብዛት ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። የጎንደርና የአዲስ አበባ የግዕዝ መምህራን ትእዛዘ ሰንበትን እንደ ቤታቸው መጽሐፍ አድርገው ለአማርኛ አንባቢ በቅጡ ያውጡት። በእስራኤል የምትኖሩ ወገኖች፣ ቤታችሁ ውስጥ ኦሪት የተማረ አዛውንት ካለ ሰንበት ካለፈ በኋላ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ስልካችሁን ክፈቱና የአገውኛውን ጸሎት፣ የፋሲካውን ሥርዓት፣ መምህሩ ማን እንደነበር፣ የመምህሩም መምህር ማን እንደነበር በራሱ ድምፅ ይንገራችሁ።